ወደ ኪሌሌሽዋ የሄደው ውሃ

ዝናብ ጠፋ ሲባል ውሃም ጠፋ ማለት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ናይሮቢ አልነበራችሁም ማለት ነው። ውሃ አይጠፋም። ሰፈር ይቀይራል። ከኢስሊ ይነሣና ኪሌሌሽዋ ይገባል፤ ከድሃ ባልዲ ይወጣና ባለጸጋ ሣር ሥር ይተኛል። ይህን የምለው ጋዜጣ ላይ አንብቤ አይደለም። ሲሄድ አብሬው መኪናው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ወደፊት የሚመጣውን አላዩም።

ያኔ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በሞያሌ አድርጌ ኬንያ ከገባሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ከስደተኛ ወረቀቴ በቀር ሰው መሆኔን የሚመሰክርልኝ ነገር አልነበረኝም። ኢስሊ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ እሑድ እሑድ በሐበሾች ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እዘምራለሁ። ሥራም ያገኘሁት በዚያው በኩል ነው። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ወንድም መስፍን፣ ኢምባካሲ ውስጥ የውሃ ቦቴዎች ነበሩት። መኪናዎቹ ከከተማው ዳር ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይቀዱና ቧንቧ ለደረቀበት ሁሉ ያዞራሉ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልክ እመልሳለሁ።

ወንድም መስፍንን አንቱ ነበር የምለው። አንቱታ ይገባዋል ብዬ ከልቤ አምን ነበር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ወስጄበታለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከቀረ ሰነበተ። ውሃው በፈረቃ ሆነ፤ ፈረቃው ግን እኛን ሰፈር አያውቀንም። ቧንቧችን ሲከፈት ያፏጫል እንጂ አያፈስም። ለወንድም መስፍን ደግሞ ከዚያ የተሻለ ዓመት አልነበረም፤ የቢሮው ስልክ ፋታ የለውም። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሰብሰብ ያደርገንና «እግዚአብሔር ሥራችንን ባርኮታል» ይለናል። እኛም አሜን እንላለን። አሜን የምንለው ድርቁ ላይ መሆኑን ያሰበ አልነበረም።

ጎረቤቴ ራሕማ የሞያሌ ልጅ ናት። ባሏ ጀማል በሞያሌና በኢስሊ መካከል ጨርቅ የሚያመላልስ ነጋዴ ስለሆነ ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ ነው። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ፤ ግን አንድ ኮሪደር፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ በርሜል ውሃ እንጋራለን። ከዚህ የበለጠ ዝምድና አላውቅም። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ እየጠራረግሁ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ራሕማ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ትግስቴ፣ መጣ መሰለኝ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ምኑ ትያለሽ እንዴ! ልጁ ነዋ!»

ጀማል ሞያሌ ነው። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ፣ ደግፌ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ወዳለው ትንሽ የእናቶች ክሊኒክ ወሰድኋት። ክሊኒኩን የምታስተዳድረው ሲስተር ዋንጂሩ የምትባል፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ኪኩዩ ነርስ ናት። ራሕማን አልጋ ላይ አስተኛቻትና እኔን ወደ ኮሪደሩ ጎተተችኝ።

«ጓደኛሽን እቀበላታለሁ፤ ወዴት አባቷ ትሂድ» አለችኝ። «ግን ውሃ የለኝም።»

«የለኝም ማለት?»

«የለኝም ማለት ነው! ሌሊት ሌሎች እናቶች ወልደዋል። በርሜሉ ሥር የቀረው ዝቃጭ ነው። እጄን የምታጠብበት የለኝም፤ ልጁ ሲወጣ የማነጻበት የለኝም። ከፍለን ቦቴ ይመጣል ተብሎ ስንጠብቅ ሰነበትን። በደወልኩ ቁጥር አንዲት ልጅ ‹መንገድ ላይ ነው› ትለኛለች...»

ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

«ቆይ። ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለች። «አንቺ ነሽ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ስልክ ላይ የምናገረው የሚነገረኝን ነበር፤ መንገድ ላይ ነው በይ ሲሉኝ መንገድ ላይ ነው እላለሁ፣ አምኜውም ነበር። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ግን የነገረኝ የለም።

«እንግዲያው ሂጂና መንገዱ ላይ ፈልጊልኝ» አለችኝና ወደ ራሕማ ተመለሰች።

በማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ ኢምባካሲ እስክደርስ ነፍስ አልቀረልኝም። ግቢው ውስጥ አንድ ቦቴ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ከሥሩ ጠብ ጠብ እያለ ቆሟል። ሹፌሩ ኦቲኖ ጎማውን በእግሩ እየመታ ይፈትሻል። ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ኦቲኖ! የክሊኒኩ ውሃ ነው አይደል?»

«ሃፓና፣ ዳዳ» አለኝ፤ አይደለም እህቴ ማለቱ ነው። «ኪሌሌሽዋ ውሰድ ነው የተባልኩት።»

«የክሊኒኩስ?»

«ከሰዓት ይሆናል። ካልሆነም ሰኞ።»

«ሰኞ? ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት እኮ!»

ኦቲኖ ፊቱ ጠቆረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የልጆች አባት ነው። «እኔ የምይዘው መሪውን ነው፤ መንገዱን አልመርጥም» አለኝ። «አለቃውን አስፈቅጂ፣ ያልሽኝ ቦታ አደርሰዋለሁ።»

ወንድም መስፍን የሄደበትን ቤት ስልክ አውቀው ስለነበር ደወልኩ።

«ጌታ ይባርክሽ ትዕግሥት! ቦቴው ወጣ?» አለኝ።

«ገና ነው ወንድም መስፍን። የእናቶች ክሊኒኩ ውሃ አልደረሰውም፤ ጎረቤቴ እዚያ ምጥ ይዟታል። መኪናው መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ? ይፍቀዱልኝ።»

«የኔ ልጅ፣ የዛሬው መኪና የጌታ ሥራ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ። «እህት ሂሩት ቤት የምሳ ፕሮግራም አለን። አገር ቤት ድርቅ ለመታቸው ወገኖቻችን የምንጸልይበት። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። ሣሩ ተቃጥሏል፣ አበባው ጠውልጓል፣ መዋኛው ጎድሏል። እንዲህ ሆኖ ሰው አይጠራበትም።»

«ግማሹን እንኳ ለክሊኒኩ...»

«እንጸልይላታለን። ስሟ ማነው?»

«ራሕማ።»

«ኣ» አለ። ስሙን ሲሰማ ድምፁ ላይ አንድ ነገር ሲቀንስ ተሰማኝ። «ለማንኛውም እንጸልያለን። አንቺም ከመኪናው ጋር ነይ፣ መዝሙር አለብሽ።» ዘጋው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስለ ተጠሙ ሰዎች የሚጸለይበት ሣር እንዳይጠማ፣ የተጠሙ ሰዎች ውሃ ይሄዳል። ያኔ ነገሩን እንዲህ አጥርቼ ማየት አልቻልኩም። የመጣልኝ የዋህ ሐሳብ ነው፦ ፊት ለፊት ብለምነው ይራራልኛል፤ ሰው በተሰበሰበበት እምቢ አይልም፤ እዚያ ያሉት በየእሑዱ ጉንጬን የሚስሙኝ ወንድሞችና እህቶች ናቸው። ኦቲኖ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ገባሁ።

ከኢምባካሲ ኪሌሌሽዋ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው። መንገዱ ተጨናንቋል፣ ፀሐዩ ይጋረፋል፣ ቦቴው ከኋላችን ውሃውን እያላጋ ያቃስታል። በየመንገዱ ዳር ቢጫ ጀሪካን የደረደሩ ሴቶች ስናልፍ ብድግ እያሉ ያዩናል፤ ስናልፋቸው መልሰው ይቀመጣሉ። አንድ ልታቆመን እጇን የዘረጋች ሴት ነበረች። ኦቲኖ ዐይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ አለፋት።

የወይዘሮ ሂሩት ባል በአንድ ትልቅ የውጭ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። ግቢው ገብታችሁ ብታዩት፣ ድርቅ የሚባል ነገር በአገሩ ላይ መውደቁን ትጠራጠሩ ነበር። ሁለት ዳስ ተተክሏል፤ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፤ በግና ዶሮ ከጓሮ ይሸታል። ከዳሱ በላይ በትልልቅ ፊደል «ለተጠሙት እንድረስላቸው» የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ከጨርቁ ሥር መዋኛ ገንዳው። ጎድሏል የተባለው ገንዳ የጎደለው አንድ ክንድ ቢሆን ነው።

ወይዘሮ ሂሩት በሐበሻ ቀሚስ ሽር ብላ ቦቴውን ተቀበለች፤ እኔን ሳይሆን ቦቴውን። «ተመስገን! መጀመሪያ አበባውን፣ ከዚያ መዋኛውን። ሣሩን ቀስ አድርጎ፤ ጭቃ እንዳይሆንና የእንግዶች ጫማ እንዳይበላሽ» ብላ ለኦቲኖ በእጇ አሳየችው።

«እህት ሂሩት፣ አንዴ ላስቸግርዎት» አልኳት። ስለ ክሊኒኩ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ራሕማ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ ጉንጬን ዳሰስ አደረገችኝ።

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ ልብሽ እንዴት ሩኅሩኅ ነው! ግን እዚህ የተሰበሰብነው በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ነው። አንድ ሰው ላይ ካተኮርን ትልቁ ነገር ያመልጠናል።»

አንድ ሰው! አንድ ሰው አንድ ሰው እየተባለ ነው ሕዝብ የሚሞላው ብዬ የመለስኩላት በሳምንቱ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው።

ወንድም መስፍን ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ መጣና ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ፊትሽን ፍቺው እንጂ፣ እንግዳ ፊት ነን። ነይ፣ በአንቺ ነው የሚከፈተው።» ብሎ ማይክራፎኑን እጄ ላይ አኖረው።

እንግዶቹ ተቀምጠዋል። የበረዶ ውሃ በብርጭቆ እየዞረ ነው። የመዘምራን ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመው መዝሙሩን እስክጀምር ይጠብቃሉ። አልዘመርኩም።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን» አልኩ። «እዚያ አበባው ላይ የሚፈሰው ውሃ የኢስሊ እናቶች ክሊኒክ ከፍሎ ሲጠብቀው የሰነበተ ነው። አሁን በዚህ ሰዓት እዚያ የምትወልድ ሴት አለች። የምታዋልዳት ነርስ እጇን የምትታጠብበት የላትም። ስለ ጌታ ብላችሁ፣ መኪናው ይሂድ በሉ። አንድ ሰው ተነሥቶ ይሂድ ይበል።»

አንድ በአንድ አየኋቸው። ጥርት አድርጌ የማስታውሰው እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ነገር እንዳገኘ ነው፤ አንዱ ጫማውን፣ አንዷ ቀለበቷን፣ ሌላው የተወጠረውን ጨርቅ። ከፊት የተቀመጠ እንግዳ ሰባኪ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ስሜታዊ ሆናለች» ሲል ማይክራፎኑ ራሱ ያዘው፤ በድምፅ ማጉያው ለሁሉም ተሰማ። ወዲያው ከመዘምራኑ አንዱ የምስጋና መዝሙር አነሣ፤ ሁሉም እፎይ ብሎ ተቀበለው። እጃቸውን አንሥተው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ዘመሩ። እንደዚያ ቀን አምሮ ሲዘመር ሰምቼ አላውቅም።

ማይክራፎኑን ወንበር ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ኦቲኖ ቦቴው አጠገብ ቆሟል። የአበባው መደብ ጨቅይቷል፤ ቱቦው አሁን ገንዳው ውስጥ ገብቶ ይንፎለፎላል። ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

«ዳዳ፣ ይሄ የሚዋኙበት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ግቢው ውስጥ ሰው ይጠማዋል ብዬ ነበር እኔ። ልጆቼ ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ለሰው የሚጠጣ ውሃ አደርሳለሁ ነው የምላቸው።» ወደ ዳሱ በአገጩ እያሳየ «ምን ብለሻቸው ነው እንዲህ የሚጮሁት?» አለ።

ነገርኩት። ምን እንደመለሱልኝም ነገርኩት። ኦቲኖ አልተቆጣም፣ አልተራገመም። ሄደና መክፈቻውን ዘጋው። ቱቦውን ከገንዳው ስቦ እየጠቀለለ «ግቢ» አለኝ።

ሞተሩ ሲነሣ ወንድም መስፍን ከዳሱ እየሮጠ ወጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር። መኪናው ፊት መጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ወዴት ነው? ኦቲኖ፣ አጥፋ! ትዕግሥት፣ ይህ ስርቆት ነው! ዛሬ ከዚህ በር ከወጣሽ ሥራሽን እርሺው፣ ወረቀትሽን እርሺው፣ እኛንም እርሺን!»

የስደተኛ ወረቀቴ የሚታደሰው እሱ በሚጽፍልኝ ደብዳቤ ነበር። ካባረሩኝ ማን ይቀጥረኛል፣ ፖሊስ ቢይዘኝ ማን ይመጣልኛል፤ ሁሉም በአንዴ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እጄ የመኪናውን በር መክፈቻ ይዞ ነበር። ልወርድ ነበር ብል ውሸት አይደለም። ኦቲኖ ግን ዞር ብሎ አላየኝም፤ ማርሽ አስገባ። ያን ጊዜ እጄን አነሣሁ።

ቦቴው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ወንድም መስፍን ለትንሽ ጊዜ ጸና። ስለ እውነትም ሆነ ስለ ውሃ የሚሞት ሰው ግን አልነበረም፤ የመኪናው አፍንጫ ሊነካው ሲል ወደ ጎን ዘለለ፣ አሁን ጠጥቶ የጠገበው የአበባ መደብ ውስጥ ከነሙሉ ልብሱ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። «በሩን ዝጋ! በሩን ዝጋ!» እያለ በአማርኛ ይጮኻል። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ አማርኛ አያውቅም። ቦቴ ሲመጣ መክፈት ሥራው ነውና ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ሰላምታም ሰጠን።

ኢስሊ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው መኪናውን ከበበው። ጀሪካን ያልያዘ ሰው አልነበረም፤ ኦቲኖ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «መጀመሪያ ለሚወልዱት! ከዚያ ለሁሉም!» እያለ ለመነ። አምናችሁም አታምኑም መንገድ ለቀቁልን። ያላቸው ሰዎች ከሣራቸው ላይ አንዲት ጠብታ አላነሡም፤ የሌላቸው ሰዎች ጀሪካናቸውን ይዘው ቆሙ።

ራሕማ ግን ከመድረሳችን በፊት ወልዳ ነበር። ሴት ልጅ፣ ጤነኛ። ሲስተር ዋንጂሩ ከጎረቤት ሱቅ የታሸገ ውሃ አስለምና የቻለችውን አድርጋለች፤ ከዚያ በፊት ግን የነካቻት በዝቃጩ በታጠበ እጅ ነው። ቱቦው ክሊኒኩ ታንከር ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰምታ ወጣች፣ እኔን አላየችኝም፤ እጇን ከሚፈሰው ሥር አድርጋ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ደጋግማ ታጠበች።

በሦስተኛው ቀን ራሕማን ትኩሳት ያዛት። ትልቁ ሆስፒታል ገባች፤ ማሕፀኗ መርቅዟል ተባለ። ነፍሷ ተረፈ። ከዚያች ልጅ በኋላ ግን አልወለደችም። ሲስተር ዋንጂሩ ምክንያቱን አልደበቀችንም፤ «በእኔ እጅ ነው የገባው» አለች ለጀማል። እሱም «እጁ የአንቺ ነው፣ ቆሻሻው የሌላ ሰው ነው» አላት።

እኔና ኦቲኖ ወዲያው ተባረርን። እሱ ማታቱ መንዳት ጀመረ። እኔን ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ፤ ወንድም መስፍን መካከላቸው ተቀምጧል፣ ሌላ ሙሉ ልብስ ለብሶ።

«ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ በፍቅር ይዘጋ» አሉኝ።

«ውሃው የማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ልክ ብትሆኚም አካሄድሽ ልክ አልነበረም።»

አካሄድ! ወገኖቼ፣ ይህችን ቃል አንድ ቀን ለብቻዋ እሰቅላታለሁ። የሰው ውሃ ወስዶ መዋኛ የሚሞላ ሰው አካሄዱን የሚጠይቀው የለም። «ይሄ የሰው ነው» ያለ ግን እግሩን እንዴት እንዳነሣ ይመረመራል። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ጌታዬን ይዤ ወጣሁ፤ እሱን አልተውኩላቸውም።

ከጊዜ በኋላ ዘነበ። ወንድም መስፍን መድረክ ላይ ቆሞ ጸሎታችን ተሰማ ብሎ መሰከረ ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። በናይሮቢ ምድር ዝናብ እንዳይመጣ የሚመኝ አንድ ሰው ቢፈለግ እሱ ነበር፤ የዝናቡን ጸሎት የመራውም እሱው።

ሲስተር ዋንጂሩ ለጽዳት ቀጠረችኝ። ወረቀቴም በእሷ ደብዳቤ ታደሰ። ወለል ከማጠብ አልጋ ወደ ማንጠፍ፣ ከዚያ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባሁ፤ በእሷ ግፊት ተማርኩ፤ ዛሬ አዋላጅ ነኝ። በዚህ እጅ የተቀበልኳቸውን ልጆች ቆጥሬ አላውቅም። መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር ግን አልተቀየረም፦ ውሃ አለ?

እናንተም ጠይቁ። ድርቅ ገባ ሲሏችሁ ሰማዩን ብቻ ቀና ብላችሁ አይታችሁ አትመለሱ፤ አንገታችሁን ዞር አድርጉና የማን ግቢ እንደለመለመ እዩ። ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። ግን እየጸለያችሁ የቆማችሁበት ሣር ርሶ ከሆነ፣ ከማን አፍ ተነጥቆ እንደራሰ ሳታውቁ አሜን አትበሉ።

ከዓመታት በኋላ ፓርክላንድስ ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ከወንድም መስፍን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አርጅቷል። እጄን በሁለት እጁ ያዘና ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«ትዕግሥት፣ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት። «ራሕማ አሁንም እዚያው ኢስሊ ናት። እሷ ጋ ይሂዱና ይቅርታ ይጠይቋት፤ እቤት አትጠፋም።» መንገዱን፣ ፎቁን፣ በሩን አስረዳሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየና መኪናው ክልክል ቦታ ላይ እንደቆመ ነገረኝ።

ራሕማን አልፎ አልፎ መጣ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። እስካሁን አልመጣም።